ባሕር ዛፍና እንሰት በሐዲያና በከምባታ

(ለመንግሥት ኃላፊዎችና ለእርዳታ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር ጽሑፍ)




ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራና በወራቤ በኩል ወደ ሆሳዕና የሚጓዝ እንግዳ ከከተማይቱ ከመድረሱ አስቀድሞ ዐይኑን የሚይዘው በየማሳው ድንበር ተሰልፎ የቆመው ረጅም ዛፍ ነው። ቤቱ በእንሰት ጓሮ ተከቧል፤ ከጓሮው ባሻገር የስንዴ፥ የባቄላና የድንች ማሳ ይዘረጋል፤ በማሳው ጠርዝ ላይ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የወጣ የባሕር ዛፍ ረድፍ ይታያል። ከሆሳዕና ወደ አንጋጫና ወደ ዱራሜ፥ ከዱራሜም ወደ ሾኔ ቆላ ለሚወርድ መንገደኛ መልኩ እምብዛም አይለወጥም። የሚለወጠው የዛፉ ዐይነት ነው፤ በደጋው ነጩ ባሕር ዛፍ፥ ወደ ቆላው ሲወረድ ቀዩ ባሕር ዛፍ ይበዛል።

እንዲህ ያለው እንደ ዓምድ የቆመ ዛፍ በሌላውም ዓለም የገበሬ አገር ምልክት ነው። በሰሜን ጣልያን በሎምባርዲያ ሜዳ ይህን ሥፍራ የያዘው ፖፕላር የተባለው ዛፍ ሲሆን ቅርንጫፉን ወደ ግንዱ ሰብስቦ ያድጋል፤ ከቅርንጫፉ ቁራጭ በቀላሉ ይባዛል፤ ነፋስ ለመከላከልና መንገድ ዳር ለማስጌጥም ይተከላል። በካሽሚር ደግሞ ለፍራፍሬ ሣጥን መሥሪያ ይፈለጋል። ይሁን እንጂ ፖፕላር ቅጠሉን አራግፎ የሚያርፍበትን ብርዳም ወቅትና ርጥበት የማይለየውን መሬት የሚወድ በመሆኑ በአገራችን ደጋ ሥር የሰደደ ዛፍ አልሆነም። በሐዲያና በከምባታ የዓምዱን ሥፍራ የወሰደው ባሕር ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ መልካም ነው ወይስ ክፉ የሚለው ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ስለሆነ እዚህ አይደገምም። እዚህ የሚነሣው ጉዳይ ከዚያ የጠበበ ነው። ይኸውም ግማሽ ሔክታር የማይሞላ መሬት ላለው አባወራ ይህ ዛፍ በድርቅ ዘመን ምን ሥራ እንደሚሠራ፥ በየትኛው ቦታ ቆሞ ቤቱን እንደሚያድንና በየትኛው ቦታ ቆሞ ጓሮውን እንደሚያጠፋ ነው። ይህን ሳይለዩ የሚወጣ ትእዛዝ የመትከልም ይሁን የመንቀል፥ የሚጎዳው ሊረዳ የታሰበውን ያንኑ ሰው ነው።

ዛፉ ስሙ እንደሚመሰክረው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ዙሪያ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ ስላለቀ፥ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን በስተ ምዕራብ ወደምትገኘው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማይቱ በቦታዋ እንድትጸና ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ፈጥኖ የሚደርስ ዛፍ ነው። ዛፉ በተስፋፋ በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥ ደግሞ ምንጭ አደረቀ ተብሎ ተከሰሰ፤ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ የሐር ትል በሚመገበው ዛፍ እንዲተካ ታዝዞ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ። ትእዛዙ አልተፈጸመም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የትግራይ ክልል በእርሻ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ መትከልን መከልከሉም ይታወሳል። በመትከልና በመንቀል መካከል የተደረገው ይህ መመላለስ የሚያሳየው አንድ ነገር አለ፤ መንግሥታት ዛፉን በጅምላ ሲመዝኑት ገበሬው ግን በእርምጃ ሲለካው ኖሯል።

ዛፉ ከአዲስ አበባ ወደ ሌሎቹ የአስተዳደር ከተሞች ተዛመተ። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ሆሳዕናም የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን የሸዋ ክፍል በመሆኗ ከዚሁ ልማድ ተካፋይ ሆናለች። ዛሬ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ የክልል መቀመጫ ናት። በየመንገዱ ዳር የሚነሡት ፎቆች፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሰደዱ ልጆች በላኩት ገንዘብ የተሠሩ ሲሆኑ፥ ግድግዳቸው እስኪቆም ድረስ ተደግፈው የሚታዩት በባሕር ዛፍ አጣና ነው። የውጭው ገንዘብ እንኳ ወደ ሕንፃ የሚለወጠው በዚህ ዛፍ ላይ ተንጠላጥሎ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ መሬቱ እንመለስ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የሐዲያ ዞን ከ1,200,000 በላይ ሕዝብ ነበረው። በጊዜው ከምባታ ጠምባሮ ይባል የነበረው ዞን ደግሞ ከ680,000 በላይ ሰው የሚኖርበት ሲሆን፥ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 500 ያህል ሰው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ መሬቱ ግን ያው ነው። አባት ለልጁ ሲያካፍል፥ ልጅም ለልጁ ሲቆርስ፥ የአንድ ቤት ይዞታ በብዙ ቦታ ከግማሽ ሔክታር በታች ወርዷል።

ይህን ያህል ሕዝብ በዚህን ያህል መሬት ላይ ያኖረው እንሰት ነው። እንሰት እንደ እህል በአንድ ወቅት ተዘርቶ በአንድ ወቅት አይታጨድም። ብዙ ዓመት በምድር ቆሞ ይጠብቃል፤ ዝናብ በቀረበት ዓመትም ተፍቆ ቆጮና ቡላ ይሆናል። ስለዚህ የእንሰት አገር ረሃብን አያውቅም የሚል አባባል በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። እንሰት እንዲያድግ ፍግ ያሻዋል፤ ፍግ እንዲገኝ ከብት ያሻል፤ ከብት እንዲኖር ግጦሽ ያሻል። መሬት ሲጠብ ይህ ሰንሰለት ይላላል። በዚህ ላይ በ1960 ዓ.ም. ገደማ በሳይንስ ተለይቶ የታወቀው የእንሰት አጠውልግ በሽታ አለ፤ በሽታው ጓሮ ሲገባ በአሥር ዓመት ድካም የተከማቸውን ምግብ በጥቂት ወራት ያጠፋዋል። በበልግና በስኳር ድንች ላይ የተመካው ድሃ ቤተሰብ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ የተጋለጠ ነው። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ሲስተጓጎል በሐዲያ፥ በከምባታና በወላይታ ወረዳዎች ሕፃናት በምግብ እጥረት ተጎድተው ወደ ሕክምና ጣቢያዎች ሲወሰዱ ተራራው አረንጓዴ ነበር። ለዚህም ነው «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው። ከመኪና መስኮት ሆኖ አገሩን የሚያይ ሰው እንሰቱንና ባሕር ዛፉን ተመልክቶ ጥጋብ ነው ብሎ ሊያልፍ ይችላል።

እንግዲህ ባሕር ዛፉ በዚህ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? በምሳሌነት ግማሽ ሔክታር ያለውን አንድ አባወራ እንውሰድ። ከይዞታው ዳር ሃያ ሜትር በሃያ ሜትር የሆነ ተዳፋት ቦታ ለባሕር ዛፍ ለየ እንበል፤ ይህም ከመሬቱ አሥራ ሁለት እጅ አንዱ ያህል ነው። በየአንድ ሜትሩ ቢተክል 400 ዛፍ ይቆምለታል። በአምስት ወይም በሰባት ዓመት ለአጣና ይደርሳል። ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በደንብ ከተያዘ ሁለተኛና ሦስተኛ፥ ከዚያም በላይ ምርት ይሰጣል። መታረስ አይፈልግም፤ ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ ከብትም ቅጠሉን አይበላውም። ከሁሉም በላይ የሚሸጥበትን ቀን የሚመርጠው ባለቤቱ ነው። ሰብል ካልታጨደ ይበሰብሳል፤ በግ ካልተሸጠ ሊሞት ይችላል፤ ባሕር ዛፍ ግን ካልተቆረጠ ይወፍራል። ባንክ በሌለበት ገጠር ይህ እንደ ተቀማጭ ገንዘብ ነው። ልጅ ለማስተማር፥ ሕመምተኛ ለማሳከም፥ ለሠርግና ለልቅሶ፥ የመንገደኛ ልጅ ስንቅ ለማሟላት ሳይቀር የሚቆረጠው ከዚያ ረድፍ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ሌላ አገልግሎትም አለው። ቅጠሉ፥ ጭራሮውና ቅርፊቱ ምድጃ ያነዳል። ማገዶ በጠፋበት የደጋ አገር የከብት እበት ኩበት ሆኖ እሳት ውስጥ ይገባል፤ ማገዶ ባለበት ቤት ግን እበቱ ወደ እንሰቱ ሥር ይሄዳል። በዚህ መንገድ ሲታይ በዳር የቆመው ባሕር ዛፍ በመካከል ያለውን እንሰት ያበላል። ዛፉን ለማስነቀል የሚቸኩል ሁሉ ይህችን ስሌት አስቀድሞ ቢያሰላ መልካም ነው።

ነገር ግን ያው ዛፍ ከቦታው ሲወጣ ጠላት ይሆናል። በማዕከላዊው ደጋ በተደረገ ምርምር ከባሕር ዛፍ ረድፍ እስከ አሥራ ሁለት ሜትር ድረስ ያለው የጤፍና የስንዴ ምርት በግልጽ ቀንሶ ተገኝቷል። ግማሽ ሔክታር ላለው ሰው አሥራ ሁለት ሜትር ማለት ትንሽ ነገር አይደለም፤ ምናልባት የማሳው ስፋት እኩሌታ ሊሆን ይችላል። ይባስ ብሎ ሥሩ ድንበር አያውቅም። አንዱ በድንበሩ ላይ የተከለው የሌላውን ማሳ ይጠጣል፤ ጥላውም ጠዋት በአንዱ፥ ማታ በሌላው ላይ ይወድቃል። በጎረቤታሞች መካከል ከዚህ የተነሣ የሚመጣው ጠብ በሽማግሌዎች ፊት የሚቀርብ የዘወትር ነገር ነው። ብልሃተኞቹ ገበሬዎች በዛፉና በማሳው መካከል ጥልቅ ቦይ ቆፍረው የጎን ሥሩን ይቆርጣሉ፤ ሥሩ ተመልሶ ስለሚመጣም ቦዩን በየጊዜው ያድሱታል። ይህ ሥራ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበቱ ተሰዶ በሄደበት ቤት ቦዩ ይደፈናል።

ስለ ውኃ የሚነሣው ክስ ተመዝኖ መታየት ይኖርበታል። ባሕር ዛፍ አንድ ኪሎ እንጨት ለማብቀል የሚጠጣው ውኃ ከብዙ ሌሎች ዛፎች የሚበልጥ አይደለም። ይሁን እንጂ ፈጥኖ ስለሚያድግና በየሜትሩ ተጠጋግቶ ስለሚተከል በጠቅላላው ብዙ ውኃ ያወጣል። ዝናብ በሚበዛበት በአንጋጫና በዶዮገና ተዳፋት ላይ ይህ እምብዛም ላይሰማ ይችላል። በምሥራቅ በኩል ወደ ብላቴ ሸለቆ በሚወርደው በባደዋቾ ቆላ፥ በምዕራብም ወደ ግቤ በሚያዘቀዝቀው ምድር ግን ዝናቡ አጭርና ተቆራራጭ በመሆኑ በምንጭ ዐይን ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ የሴቶቹን የእንስራ ጉዞ ያረዝማል። የሐዲያና የከምባታ ወጣቶች በብዛት የሚሰደዱባት ደቡብ አፍሪካ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወንዝ ዳርና በተራራ አናት ላይ የተዛመቱትን የውጭ አገር ዛፎች፥ ባሕር ዛፍ ጭምር፥ ሥራ ለሌላቸው ዜጎች ደመወዝ እየከፈለች የምታስቆርጠው ስለዚሁ ስለ ውኃ ነው። ያም ሆኖ ያች አገር የባሕር ዛፍ እርሻዋን አልተወችም፤ የለየችው ቦታውን ነው።

ከጓሮው ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ጉዳይ ለእርዳታ ሠራተኞች በተለይ መነገር ይገባዋል። እንሰቱን የምትፍቀው፥ የምታቦካው፥ ቆጮውን ገበያ የምታወጣውም ሴቷ ናት፤ የጓሮው ሀብት በእጇ ነው። የባሕር ዛፉ ዋጋ ግን እንደ ልማዱ በወንዱ እጅ ይገባል። ስለዚህ የእንሰት ቦታ ወደ ባሕር ዛፍ ሲለወጥ የሚለወጠው ተክል ብቻ አይደለም። በቤቱ ውስጥ የምግቡ ቁልፍ ከእናቲቱ ወደ አባቲቱ ይተላለፋል። አጠውልግ በሽታ ጓሮውን ካራቆተ በኋላ በባዶው ቦታ ላይ እንሰት እንደገና በመትከል ፈንታ ባሕር ዛፍ የተከለ ቤት በመልካም ዓመት ገንዘብ ያገኛል። እህል በተወደደበት ዓመት ግን ያ ገንዘብ ምን ያህል ቁና እንደሚገዛ ገበያው ይነግረዋል። አጣና አይበላም።

እዚህ ላይ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሠራተኞች ሊጠቀሙበት የሚችሉት አንድ ምልክት አለ። የዝናብ መጠን፥ የእህል ዋጋና የሕፃናት የክንድ ልኬት በየወሩ ይመዘገባል፤ የዛፉ ረድፍ ግን እንደ ተፈጥሮ መልክ ታይቶ ይታለፋል። በደህናው ዓመት የሚቆረጠው የደረሰ አጣና ነው፤ የሚቆረጠውም በበጋ፥ ባለቤቱ ዋጋ ተከራክሮ ነው። ችግር ሲጀምር ሁለትና ሦስት ዓመት ብቻ የሆነው ቀጭኑ ዛፍ ወደ ገበያ ይወጣል። ችግሩ ሲጠና ዛፉ በቁሙ ለነጋዴ ይሸጣል፤ አንዳንዴም ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው የመጪው ዙር ምርት ጭምር በውል ይታሰራል። ጉቶው ራሱ ተነቅሎ ለማገዶ ሲጫን የታየ እንደሆነ ያ ቤት የሚሸጠው ነገር አልቆበታል ማለት ነው። ሌላው ሁሉ አንድ ጊዜ ስለሚሸጥ በገበያው ላይ አጣና ይረክሳል፤ ያ አባወራ ሲተክል ያሰበውን ዋጋ አያገኝም። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት በሾኔ፥ በሆሳዕናና በዱራሜ ገበያ መውጫዎች የቆመ አንድ ታዛቢ፥ የሚያልፈውን የእንጨት ውፍረት ብቻ እያየ በደጋውና በቆላው ያለውን የጎተራ ሁኔታ በመጠኑ ሊገምት ይችላል። ይህን ለማድረግ መሣሪያ አያስፈልግም።

ስለ ሠፈራ ሳይነሣ ይህ ጉዳይ አይሟላም። በ1977 ዓ.ም. በተጀመረው ታላቅ የሠፈራ ዘመቻ 600,000 ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወሰደ። አብዛኛው ከወሎ፥ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ድርቅ የተነሣ ሲሆን፥ ከከምባታና ሐዲያ የተወሰዱት ግን ዋናው ምክንያታቸው የመሬት ጥበት ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ በመተከል፥ በበለስ ሸለቆ በፓዌ ሠፈሩ። የጉሙዝ ሕዝብ የሚኖርበትን ያን ምድር ባዶ አድርጎ መቁጠር የዘመኑ ዕቅድ ካጠፋቸው ጥፋቶች አንዱ ነው። ከእንሰት ጓሮው የተነሣው ደገኛ ወባና ሙቀት ወዳለበት ቆላ ሲወርድ ሁለቱንም ዋስትናዎቹን በአንድ ቀን አጣ። እንሰቱ ከለመደው ደጋና ወይናደጋ ወጥቶ እንደ ልቡ አይበቅልም፤ ነጩ ባሕር ዛፍም የደጋ ዛፍ ነው። ለሠፋሪው የተሰጠው በጋራ የሚታረስ መሬትና የወር ራሽን ነበር፤ በችግር ቀን የሚሸጥ የራሱ ነገር አልነበረውም። በሺህ የሚቆጠር ጎጆ በአንድ ጊዜ ሲሠራ፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ሳይቀሩ ለዚሁ ዘምተው ነበርና፥ ቋሚውና ማገሩ የተቆረጠው ከአካባቢው ጫካ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ማገዶና ለሚቀጥለው ዐሥር ዓመት ጎጆ የሚሆን ዛፍ የት ይተከላል ብሎ የጠየቀ ዕቅድ ግን እምብዛም አልነበረም።

በ1995 ዓ.ም. በተዘጋጀው ሌላው የሠፈራ ፕሮግራም 2,200,000 ሰው በየክልሉ ውስጥ ለማሥፈር ታቅዶ ከሐዲያና ከከምባታ የተነሡ አባወራዎች ወደ ከፋና ወደ ዳውሮ ሄዱ። በዚህኛው ጊዜ አንድ ጥበብ የተሞላበት ደንብ ነበር፤ ሠፋሪው በትውልድ ቀዬው ያለውን የመሬት መጠቀም መብት ለሦስት ዓመት እንዳይነጠቅ ተፈቅዶለት ነበር። በቀዬው የቆመ ዛፍ ለሄደ ሰው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የደንቡን ጥቅም ይረዳዋል። የተከለው ዛፍ ባለቤትነቱን ይመሰክርለታል፤ ሠፈራው ባይሳካ የመመለሻ ስንቁ ነው፤ ቢሳካ ደግሞ ተሸጦ በሬ ይገዛለታል።

የባለቤትነት ነገር ከተነሣ በ1983 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ይገባል። በደርግ ዘመን፥ የገጠር መሬት በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት ከተደረገ በኋላ፥ በገበሬ ማኅበራት ጉልበትና በምግብ ለሥራ እርዳታ በየኮረብታው ብዙ ደን ተተክሎ ነበር። የመንግሥት ለውጥ በመጣ ጊዜ በአገሪቱ ብዙ ቦታ ያ ደን በሳምንታት ውስጥ ተጨፈጨፈ። የተከለው ራሱ ገበሬው ነው፤ የቆረጠውም ራሱ ነው። በራሱ ጓሮ ዳር የተከለውን ግን ማንም አልነካበትም። ዛሬም በሴፍቲኔት ሥራ ወይም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሚካሄደው የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ችግኝ ሲተከል አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ዛፉ ሲደርስ የሚቆርጠው ማን ነው፥ ገንዘቡስ የማን ነው የሚለው ነው። ይህ በጽሑፍ ካልሰፈረ የተከላው ቁጥር በሪፖርት ላይ ብቻ ይቀራል።

ለኮረብታውና ለተራቆተው ገመገም ደግሞ ባሕር ዛፍ ተመራጭ አይደለም። ከሥሩ ሣር እምብዛም ስለማያበቅል ዝናብ በወረደ ጊዜ አፈሩ ይታጠባል። ከሆሳዕና ብዙም ሳይርቅ፥ በወላይታ ዞን በሁምቦ የተደረገው ሥራ ሌላ መንገድ ያሳያል። በዚያ 2,700 ሔክታር ያህል የተራቆተ ተራራ ከሰውና ከከብት ንክኪ ተጠብቆ፥ በምድር ውስጥ የቀሩት የአገር በቀል ዛፎች ጉቶና ሥር እንደገና እንዲያቆጠቁጡ ተደርጓል፤ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዐት ተመዝግቦም የአካባቢው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ገቢ አግኝተውበታል። ብዙ ችግኝ ማፍላት እንኳ አላስፈለገም። በከምባታ ደረት ላይ የቆመው፥ ቁመቱ 3,000 ሜትር ያህል የሆነው የአምበሪቾ ተራራና በዙሪያው ያሉት ገመገሞች ለዚህ ዐይነቱ ጥበቃ ይስማማሉ። የአበሻ ጥድ፥ ዝግባ፥ ኮሶና ወይራ ለተራራው፥ ዋንዛና ብሳና ለእንሰቱና ለቡናው ጥላ፥ ግራቪሊያ ደግሞ ለማሳ ድንበር እየተስማማ ሄዷል። ግራቪሊያም ቀጥ ብሎ የሚያድግ ሲሆን ከባሕር ዛፍ ይልቅ ከሰብል ጋር ይቻቻላል። ዋጋው ግን በአጣና ገበያ ከባሕር ዛፍ ጋር አይወዳደርም፤ ገበሬው ይህን ያውቃል፤ አዋቂ ነን ባዮች የማይነግሩት ደግሞ ይህንኑ ነው።

በመጨረሻም ስለ ሥራው አያያዝ ጥቂት ነገር። የባሕር ዛፍ ዘር እጅግ ደቃቅ በመሆኑ በመደብ ላይ በስሱ ይዘራል፤ በጥርና በየካቲት ተዘርቶ ሲጠነክር ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ይዛወራል። ችግኙ ወደ ማሳ ከመውጣቱ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ ውኃው እየተቀነሰ እንዲለማመድ ካልተደረገ በመጀመሪያው ደረቅ ሳምንት ይጠወልጋል፤ በቆላው ደግሞ ምስጥ ይጠብቀዋል። የሚተከለው ክረምቱ ሲጸና፥ በሐምሌ ነው። ሲቆረጥ በበጋ፥ በስለታም መጥረቢያ ወይም በመጋዝ፥ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፥ ውኃ እንዳይተኛበት አግድም ዘመም ተደርጎ ይቆረጣል። ከሚያቆጠቁጠው መካከል ጠንካሮቹ ሁለትና ሦስቱ ቀርተው ሌላው ይመለመላል፤ የተመለመለውም ለምድጃ ይሆናል።

በሐምሌ ችግኝ ሲታደል ከየችግኝ ጣቢያው የሚወጣው ቁጥር በወረዳው ይመዘገባል። በዚያው መዝገብ ላይ ሁለት ዓምድ ቢጨመር ወጪ የለውም። አንደኛው ችግኙ የተተከለበት ቦታ ከምንጭና ከእንሰት ጓሮ ያለው ርቀት በእርምጃ፥ ሁለተኛው ባለፈው በጋ በዚያ ቀበሌ ለገበያ የወጣው ዛፍ የስንት ዓመት ዛፍ እንደ ነበር። የመጀመሪያውን የልማት ሠራተኛው ከአባወራውና ከእመቤቲቱ ጋር ቆሞ ይለካዋል። ሁለተኛውን ለማወቅ ጉቶዎቹን ማየት ይበቃል።